ቆላ ወርደህ ነበር?

የምንከባከባቸው ሽማግሌ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባ በማግስቱ ቁርስ አይበሉም። በመጀመሪያው ዓመት የታመሙ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ግንባራቸውን ብዳስስ ትኩሳት የለም። «ጾም ነው?» ብላቸው በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። ከማርያም ሥዕል አጠገብ አፍንጫው ረዘም፣ ደረቱ እንደ ርግብ ወጣ ያለ፣ ቀጭን ብስክሌተኛ ተሰቅሏል። ፋውስቶ ኮፒ ነው። የሞተው እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1960 ነው፤ እሳቸው ግን ትናንት እንደ ቀበሩት ወንድም ነው የሚያዝኑለት።

የምኖረው ሰሜን ጣልያን፣ ቶርቶና አካባቢ ነው። ኮፒ የሞተውም እዚሁ ቶርቶና ነው። የተወለደባት ካስቴላኒያ ብዙም አትርቅም፤ ኮረብታ ላይ ጉብ ያለች፣ ነዋሪዋ መቶ የማይሞላ መንደር ናት። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በኛ ከተማ ሴት ልጅ ሳይክል ነዳች ብሎ ዞሮ የሚያይ የለም። ከተማው ሜዳ ነው፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር የዛፍ ጥላ ነው፤ ሙቀቱ ሲጠና ደግሞ ነፋስ የሚገኘው ፔዳል ሲመታ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ስመጣ ሰላምታቸውን እንኳ በቅጡ አልለየሁም ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው የሟች ባለቤታቸውን ብስክሌት እንዳስጠግን ላኩኝ። ጠጋኙ ቤት ገብቼ «ካቴና፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ» እያልኩ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩለት። ሰውዬው ሳቀና የት ተማርሽው አለኝ። ድሬዳዋ፣ ዛፍ ሥር! ጣልያኖች አምስት ዓመት በግድ ተቀምጠው ጥለውልን ከሄዱት ነገር ሁሉ፣ ከፓስታው ቀጥሎ እኔን የጠቀመኝ ይኼ ነው።

ዛፉ ሥር የሚሠሩትን ጋሼ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «ሳይክለኛው» ነበር የምንላቸው። ቀዳዳ ሲፈልጉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማየት እወድ ነበር። ከመነዳሪውን ነፍተው ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። አረፋ ብቅ ያለችበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዘው ያደርቃሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፣ ማስቲሽ ቀብተው እፍ እፍ ይሉበታል። ቁራጯን ከመለጠፋቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለች፦ «በየት በኩል መጣሽ?» በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ከሆነ እሾህ ነው፤ በጋራዦቹ በኩል ከሆነ ሚስማር ነው። የወጋው ነገር ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ ነገ መልሶ ይወጋዋላ። ስለዚህ ጎማውን ከውስጥ በጣታቸው ዳስሰው ያንን ነገር ሳያወጡ አይገጥሙትም።

እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በበዓል ቀን ውድድር ደጋግመው አንደኛ የወጡ ናቸው። እሑድ እሑድ ፀሐይ ሳትበረታ ደንገጎን በሳይክል ይወጡት ነበር ይባላል። ደንገጎን ለማያውቅ፦ ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ሐረር ሲወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወስድሃል፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ላብህ ብርድ ይሆናል። አውቶቡሱ እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ከእማዬ ጋር ከሐረር ስንመለስ ግን ሲወርዱ አየኋቸው። ሸሚዛቸው በነፋስ እንደ ፊኛ ተነፍቶ አውቶቡሳችንን ጥለውት ሄዱ። ሾፌሩ ክላክስ ነፋላቸው።

ኮፒም ሲጀምር የመላላክ ልጅ ነበር። ኖቪ ሊጉሬ በምትባል ከተማ ለሥጋ ነጋዴ ተቀጥሮ በብስክሌት ዕቃ ያደርስ ነበር። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1953 ባለው ጊዜ የጣልያንን ዙር የብስክሌት ውድድር አምስት ጊዜ አሸነፈ፤ የፈረንሳይን ደግሞ በ1949 እና በ1952። ሁለቱን በአንድ ዓመት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሽማግሌው የሚወዱት ግን በ1949 ከኩኔዮ እስከ ፒኔሮሎ የተደረገውን ነው። በዚያ ቀን ኮፒ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ነድቶ ተቀናቃኙን ባርታሊን ወደ 12 ደቂቃ ቀደመው። የራዲዮ ጋዜጠኛው ስርጭቱን የከፈተው «አንድ ሰው ብቻውን ከፊት አለ» ብሎ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን እንደ ራዲዮ ያጎረንናሉ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁንማ እኔም አብሬያቸው እጨርሰዋለሁ።

አሟሟቱን የነገሩኝ ግን ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። በታኅሣሥ 1959 ኮፒና ሌሎች ስመ ጥር ብስክሌተኞች ወደ አፐር ቮልታ፣ ወደ ዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ተጋብዘው ሄዱ። ዋጋዱጉ ላይ ተወዳደሩ፣ ከዚያ አደን ወጡ። ኮፒ ከፈረንሳዊው ጓደኛው ከራፋኤል ጄሚኒያኒ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አደረ፤ ክፍሉ ደግሞ ትንኝ የሞላበት ነበር። አገራቸው ገብተው ሁለቱም በአንድ ሰሞን ወደቁ። ፈረንሳይ ውስጥ የጄሚኒያኒ ደም ተመረመረ፣ ወባ ተገኘ፣ ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነ። እዚህ ጣልያን ግን የኮፒን ሌላ በሽታ ነው ብለው ሌላ መድኃኒት ሰጡት። ኮፒ በ40 ዓመቱ አለፈ። ጄሚኒያኒ የሞተው በሐምሌ 2024፣ በ99 ዓመቱ ነው።

«አፍሪካ ገደለችው» አሉኝ ሽማግሌው ሲጨርሱ።

ሥራዬ ማጠብና ማብላት ነው፣ መከራከር አይደለም። ግን አላስቻለኝም። «ጓደኛውስ ከአንድ አፍሪካ፣ ከአንድ ክፍል አይደለም እንዴ የመጡት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ ቡና አምጪ አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። እማዬ ስለ ብስክሌት ግድ የላትም፤ ስለ ወባ ግን ፕሮፌሰር ናት። አራት ልጆቿን እጇን ግንባራቸው ላይ አድርጋ፣ ብርዱ ስንት ሰዓት እንደሚመጣና ላቡ ስንት ሰዓት እንደሚከተል እየቆጠረች ነው ያሳደገችው። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ጠፋ?» አለችኝ። መምጣቱንማ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ብላት ጭራሽ ባሰባት። «አውቀው ነው እንግዲህ!»

አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄደን ካተኮሰን ነርሷ ስማችንን ሳትጽፍ «ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» ትላለች። እኛ እንስቅ ነበር፤ መች ወርደን፣ እዚያው አይደል የምንኖረው! የማንኛውም ክኒን ስም ራሱ ከዚያ ከወባ መድኃኒት የመጣ ይመስለኛል፤ ራስ ምታትም ይሁን ቁርጠት የሚዋጠው ኪኒን ነው።

በሰው ሞት ይኼን ያህል አዋቂ መሆን ግን ደስ አይልም፤ ደግሞም የራሳችን ቤት አለ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ የተነሳው ዝናብ በሌለበት ወር ነው። ተመራማሪዎች ሲከታተሉት ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ አገኙ። ይቺ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተሜ ናት፣ በርሜልና ታንከር ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ በርሜል የሌለው ማን አለ? የእማዬ በርሜል አሁን ክዳን አለው። ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ጨቅጭቄ ነው።

ሞቱን ያልጠየቁት ሰዎች ማስታወሱን ግን ይችሉበታል፣ ይኼን አልክድም። የጣልያን ዙር በየዓመቱ የሚያቋርጠው ከፍተኛው ተራራ ከ1965 ጀምሮ «ቺማ ኮፒ» ይባላል፤ የኮፒ ጫፍ እንደማለት ነው። ስቴልቪዮ 2,758 ሜትር ነው፤ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ በወጣበት በ1953 ኮፒ ተፎካካሪውን ሁጎ ኮብሌትን ጥሎት ሄዶ አምስተኛ ድሉን ወሰደ። በ2019፣ በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ መንደሩ ስሟን ለውጣ ካስቴላኒያ ኮፒ ሆነች። ኮሞ ሐይቅ አጠገብ ደግሞ ማዶና ዴል ጊዛሎ የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ ግድግዳዋ ላይ የሻምፒዮኖች ብስክሌት ተሰቅሏል፣ የኮፒም አለ። ሽማግሌውን ይዤ የሄድኩ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስለት ነው እኮ! ቁልቢ ጥላና ሻማ እንደሚገባው እነሱ ሳይክል አስገብተዋል። ወደ ኋላ ብቆጥረው ኮፒ የሞተው በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ሆነ፤ ቁልቢ ገብርኤል ካለፈ በአራተኛው ቀን። ከሱ በኋላ ያንን ጸሎት ቤት ሳስብ ሁለቱ ይምታቱብኛል።

ያው 1952 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ዓመት ነው። አበበን ሽማግሌውም ያውቁታል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የሄደችው ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው፤ ይዛ የሄደችውም ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። ከነዚያ ብስክሌተኞች አንዱ፣ ገረመው ደንቦባ፣ ማን ነው ብላችሁ አሥር ሰው ጠይቁ። እኔ ራሴ ያወቅኩት እዚህ፣ በፈረንጅ ቤት፣ የፈረንጅ ብስክሌተኛ ሲያስቀናኝ ፈልጌ ነው።

አምና ድሬ ስገባ ሳይክለኛው ካረፉ ወራት አልፎ ነበር። ለቅሶ ልደርስ ቤታቸው ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ያልነበረ ሰው የለም አሉኝ፤ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ፣ ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ አደሬው፣ ሁሉም። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ሰው መንገድ ላይ ነበር። እዚህ እኔ ባለሁበት ሰው ሞቶ ጎረቤት የሚሰማው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ሲነግሩኝ ቀናሁ። ከዚያ «ደንገጎ የወጡበት ሳይክልስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጃቸው ፊቱን አዞረ። ቦታ ይዞ ነበር፣ ዝጎ ነበር፣ ለቆራሌው ሰጠነው አለኝ። ፎቶም የለም። ከአርባው በኋላ ቤቱን ቀለም ሲቀቡ ወርዶ በዚያው ጠፋ። ልቆጣ አሰብኩ፤ ከዚያ ማን ነኝና! እኔ በነበርኩ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን ጠይቄያለሁ?

ከዚያ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ወደ ከዚራ አልኩት። ሹፌሩ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም።

«ሳይክለኛው ጋ ነሽ ወይስ ከዚያ ታልፊያለሽ?» አለኝ።

«የትኛው ሳይክለኛ?»

«አቦ እኔ ምን አውቄ! ቦታው ነዋ። ዛፉ ያለበት።»