ቴርሞስታቱን ነቅላችሁ ለጣላችሁልን

የተከፈተ ኮፈን ሰው ይጠራል። ባለፈው ሳምንት መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ሞተሩ እስኪበርድ ስጠብቅ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሊቃውንት ከበቡኝ። ከሁለት ቀን በፊት የውሃ ፓምፑ ተቀይሯል። የቀየረው ሰው ኮለንቱን፣ ሞተር የሚያበርደውን ፈሳሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ገልብጦ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ "አለቀ፣ ንዳው" ብሎ ሸኝቶኛል። አሁን የሙቀቱ ጌጅ ወደ ቀይ ሲወጣ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ከዳሽቦርዱ ጀርባም ከጠርሙስ ውሃ ሲቀዳ የሚሰማው ዓይነት ዱልዱል የሚል ድምፅ አለ። ቱቦው ውስጥ አየር ታፍኗል ማለት ነው። ፓምፕ ውሃ ይገፋል እንጂ አየር መግፋት አይሆንለትም። አየሩ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ውሃው እሱን አልፎ መዞር ያቅተዋል፣ እዚያ ያለው ብረት ደግሞ ደረቁን ይግላል።

ይህን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ሊቅ ገና ከሩቅ "ቴርሞስታቱን አውጣና ጣለው!" አለኝ። ኮፈኑ ጋ እንኳ አልደረሰም።

ታውቁታላችሁ፣ አይደል? እሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ቴርሞስታት የሚሉት ዘበኛ እስከ ዛሬ ሞተር ሲጨቁን ይኖር ነበር። የዘበኛውን ጥጋብ ተመልከቱልኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃውን ወደሚያበርደው ራዲያተር የሚወስደውን በር ይዘጋል፣ ሞተሩ ቶሎ ይሙቅ ብሎ። 80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ውስጥ ያለችው ሰም ቀልጣ ታብጥና በሩን ትከፍታለች። ሽቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው፣ በአንዲት ጉርሻ ሰም ዕድሜ ልኩን ሲከፍትና ሲዘጋ ይኖራል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ መባረር አለበት!

ወዳጃችን ከራሱ መኪና ካባረረው ቆይቷል። የተሐድሶውን ታሪክ እዚያው ቆሞ በኩራት ተረከልኝ፤ እኔም እንደሰማሁት አቀርበዋለሁ። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት መሞቅ አቃተው፣ ነዳጅም አብዝቶ ይጠጣ ጀመር፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት በራ። መብራቱ ለምን በራ? አምፖል ስላለው ነዋ! አምፖሉ ተነቀለ። ነገር ግን ዳገት ላይ ሙቀቱ አልቀረም፤ ራዲያተሩ ከመጀመሪያውም ተደፍኖ ነበርና። ያኔ ፋኑ ከባትሪ "ዳይሬክት" ተደረገ። ፋኑ ቀንና ሌሊት ሲሽከረከር ባትሪው አለቀ። ስለዚህ መሪው ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመ። ማብራቱ ሲረሳ መኪናው አፈላ። ስለዚህ "ፋን!" የሚል ወረቀት ተጻፈና ተለጠፈ። የት? ጌጁ ላይ። ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን ያንጠባጥብ ጀመር። አዲስ ክዳን መግዛት ለደካሞች ነው፤ ከሥሩ ፌስታል ታጥፎ ገባና ተጠበቀ። ፌስታሉ ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ ከክዳኑ ወጥቶ በነፋስ ሲውለበለብ በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ ወድቆ የጌጁ ቀስት ቀይ ላይ ሲታይ ጌጁም ከነሽቦው ተነቀለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን ተፈወሰ። ያ መኪና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቆ አያውቅም፤ ይሞቃል የሚል ማስረጃ ያለው ይምጣ!

ሁለተኛው ሊቅ ብዙ ተናጋሪ አይደለም። አብሮት የመጣውን ልጅ፣ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ "ጨርቅ ያዝና ክዳኑን ክፈትለት" አለው።

ጮኽሁበት። ያ ክዳን የድስት ክዳን አይደለም። 1 ባር ገደማ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው፤ 120 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ክዳኑ በተፈታ ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው ባንዴ ፈልቶ ወደ ላይ ይተኮሳል። የሚያርፈውም ያጎነበሰው ሰው ፊት ላይ ነው። ጨርቁ እጅ ላይ ነው ያለው፣ ዓይኑን ማን ይሸፍንለታል? ራሱ የማይነካውን ክዳን ልጅ ልኮ የሚያስከፍት ሰው አዋቂ አይባልም። ፈሪ ነው፤ ያውም ጨካኝ ፈሪ።

ሦስተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ሞተሩ ላይ እንድደፋ መከረኝ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ደፍተው ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ የሚያሰነጥቁ ሰዎች ባይኖሩ ቴስታታ ሻጭ ምን ይበላ ነበር፤ እሱም ይመስገን።

ሞተሩ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ ጠበቅሁ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አዞርኩ፣ ክዳኑ ከሁሉም ነገር በላይ እንዲሆን። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አደረግሁ፣ የአየር ማስወጫዋን ብሎን አላላሁ፣ ኮለንቱን በቀጭኑ አንቆረቆርኩ። ብሎኗ መጀመሪያ ተነፈሰች፣ ቀጥላ አረፋ ተፋች፣ ከዚያ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ሲመጣ አጠበቅኋት። ክዳኑን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁ። ሊቃውንቱ ያዛጋሉ። የላይኛው ቱቦ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ነበር፤ ድንገት ሞቀ። የተናቀው ዘበኛ በሩን ከፈተ! ውሃው "ጉልጭ" ብሎ አንድ ስንዝር ወረደ፣ ሞላሁበት። አረፋው ሳያቋርጥ ቢመጣ ኖሮ የቴስታታው ማሸጊያ ጋስኬት ተበልቶ የሲሊንደር ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው ብዬ እፈራ ነበር። እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ሂተሩ ፊቴን አሞቀኝ።

"ይህን ሁሉ ሰዓት ለአየር?" አለኝ የቴርሞስታቱ ወዳጅ። በእውነት አዝኖልኛል። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ የኋላውን ከፈተ። ሦስት ጀሪካን ውሃ ተደርድሯል።

"ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ለምንህ ነው?"

"ለሰው ነው እንጂ" አለኝ፤ "የኔ እንኳ ምንም ችግር የለበትም።" ይህን ብሎ አንዱን ጀሪካን አንሥቶ ወደ ራሱ ራዲያተር ሄደ።