ዝግጁ ዴስክቶፕ ወይስ ተገጣጥሞ የሚሠራ?

ስለ ዴስክቶፕ ግዢ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ዝግጁ (በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚሸጥ) ዴስክቶፕ ዋስትና ስላለው ለማንኛውም ገዢ ይሻላል ማለቱን፣ ደብረ ብርሃን ለምንኖር ሰዎች እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። ዋስትና የሚጠቅመው ሻጩ በቅርብ ሲገኝ ነው፤ ከአዲስ አበባ የገዛ ሰው ግን ዕቃው በተበላሸ ቁጥር 130 ኪሎ ሜትር ተሸክሞት መመለስ ይኖርበታል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በተገጣጠመ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን የኤቲኤክስ ልኬት (የክፍሎችን መጠንና መሰኪያ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ደረጃ) የተከተለ ከሆነ፣ አራት ብሎን ፈትቶ፣ ባለ 24 ፒኑን የማዘርቦርድ (የዋናው ሰሌዳ) መሰኪያ፣ የፕሮሰሰሩንና የሌሎቹን ክፍሎች መሰኪያዎች ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። በአንጻሩ በርካታ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች የራሳቸው ቅርጽና መሰኪያ ስላላቸው፣ ልኩ መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው።

ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ለቪዲዮ ቅንብር ወይም ለሕንፃ ንድፍ የሚገዛ ግን ቢያስገጣጥም እመክራለሁ፤ ሆኖም የእያንዳንዱን ክፍል ስም የያዘ ደረሰኝ ይቀበል፣ ሳጥኑ ተከፍቶም ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) እና ፓወር ሰፕላዩን ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ይረከብ። በየትኛውም ምርጫ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ዋጋ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።