ኩራትና ኡኡታ በበረዶው ባሕር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1989 «ኮምሶሞሌትስ» የተባለች የሶቭየት ኅብረት የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ በኖርዌይ ባሕር ጠልቃ ስትጓዝ እሳት ተነሳባት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እንደምንም ወደ ላይ ወጥታ ለአምስት ሰዓት ያህል ተንሳፈፈች። አምስት ሰዓት አጭር ጊዜ አይደለም። ሞስኮ አውሮፕላኖቿን ላከች፤ አንድ የራሷን የዓሣ መርከብም ወደ ቦታው አዞረች። ሄሊኮፕተርና የነፍስ አድን ቡድን ላላት ጎረቤቷ ለኖርዌይ ግን የድረሱልን ጥሪ አላሰማችም። መርከቧ ስትሰምጥ ከ69ኙ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ። 42ቱ ሞቱ፤ የሚበዙትን የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን በረዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ውሃ ነው።

ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ጁን 19 ለ20 አጥቢያ፣ ሌላ የሶቭየት መርከብ ከኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶች በስተምዕራብ ከበረዶ ጋር ተላተመች። «ማክሲም ጎርኪ» የመንሸራሸሪያ መርከብ ነበረች፤ ተሳፋሪዎቿ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ምዕራብ ጀርመናውያን። ከመርከበኞቹ ጋር ወደ 950 ሰው። የእርዳታ ጥሪው በሬዲዮ ተሰማ፤ የኖርዌይ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ «ሴንያ» በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደረሰች። ሰዎቹ ገሚሱ በጀልባ፣ ገሚሱ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሆነው ነበር የሚጠብቁት። አንድም ሰው አልሞተም። መርከቧ ራሷ እንኳ ተጠግና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሁለቱን ማወዳደር አግባብ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የጦር መርከብ ምሥጢር ይጠብቃል፣ ሽርሽር የወጡ ጡረተኞች ምንም የሚደብቁት የለም። ነገር ግን ዘመኑ አንድ፣ ሰንደቅ ዓላማው አንድ፣ ጎረቤቷም ያችው ኖርዌይ ነበረች። የተለየው ኡኡታው መሰማቱና አለመሰማቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምንለው ለሰው ነበር፤ ለመንግሥትም ይሠራል።

ሞስኮ ከዚህ ተምራለች እንዳይባል፣ ከ11 ዓመት በኋላ «ኩርስክ» የተባለችው የሩሲያ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ መጣች። ኦገስት 12 ቀን 2000 በባሬንትስ ባሕር ቶርፔዶዎቿ (በውሃ ውስጥ የሚወነጨፉ ፈንጂዎቿ) ፈንድተው 118 ሰዎችን ይዛ 108 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀመጠች። ፍንዳታውን የኖርዌይ የርዕደ መሬት መሣሪያዎች በዕለቱ መዝግበውታል፤ የሩሲያ ባሕር ኃይል ለሕዝብ የተናገረው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ኖርዌይና ብሪታኒያ እንርዳ አሉ። ሩሲያ እሺ ያለችው ኦገስት 16 ነው። ማምለጫው በር ተጎድቷል፣ አይከፈትም ሲባል ቆይቶ የኖርዌይ ጠላቂዎች ኦገስት 21 ከፈቱት። ውስጡ በውሃ ተሞልቶ ነበር። ኋላ ላይ እንደታወቀው 23 ሰዎች ከፍንዳታው ተርፈው በኋለኛው ክፍል ተሰባስበው ነበር፤ መኮንኑ ድሚትሪ ኮሌስኒኮቭ በጨለማ ስማቸውን ዘርዝሮ ጽፎ ትቷል።

እዚህ ላይ ሐቁን መሸፋፈን አልፈልግም። የሩሲያ ምርመራ እነዚያ ሰዎች ከስምንት ሰዓት በላይ አልቆዩም ይላል። እንዲያ ከሆነ ኖርዌይ በመጀመሪያው ቀን ብትጠራም ምናልባት አንድ ሰው አይተርፍም ነበር። የእናቶቹን አንጀት ያሳረረው ግን የሞቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ «ሰላም ነን» መባሉ ነው።

ትምህርቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2005 በሩሲያ የፓሲፊክ ጠረፍ፣ ካምቻትካ አጠገብ «ኤኤስ-28» የምትባል ትንሽ ሰርጓጅ ሰባት ሰዎችን ይዛ በገመድና በመረብ ስትጠላለፍ፣ ሩሲያ ብዙ ሳትዘገይ የውጭ እርዳታ ጠየቀች። የብሪታኒያ ቡድን ሰው አልባ መሣሪያውን በአውሮፕላን አምጥቶ መረቡን ቆራረጠው። ሰባቱም ወጡ።

በሜይ 2011 በግሪንላንድ ዋና ከተማ በኑክ የተፈረመውን ስምምነት የማየው በዚህ ታሪክ በኩል ነው። ስምንቱ የአርክቲክ አገሮች የዋልታውን አካባቢ ለፍለጋና ነፍስ አድን ሥራ ተከፋፈሉት፤ ድንበር ማካለል እንዳልሆነም በግልጽ ጻፉ። እነዚሁ ስምንት አገሮች በሚመክሩበት በአርክቲክ ምክር ቤት ጥላ ሥር የተፈረመ የመጀመሪያው አስገዳጅ ውል ነው፤ ድርድሩን በጋራ የመሩትም አሜሪካና ሩሲያ ነበሩ። ኖርዌይና ሩሲያ ግን ከዚያ በፊትም የሁለትዮሽ የነፍስ አድን፣ የዘይት መፍሰስና የኒውክሌር አደጋ ማሳወቂያ ውሎች ነበሯቸው።

ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት፣ በማርች 2022፣ ሰባቱ አባል አገሮች ከምክር ቤቱ ስብሰባዎች ራሳቸውን አገለሉ። ወረራን እንዳላየ ሆኖ ሻይ እየጠጡ መሰብሰብ አይቻልም ነበር፤ አልወቅሳቸውም። ኖርዌይ ግን አንድ ክር አልበጠሰችም። በቦዶ ከተማ ያለው የነፍስ አድን ማስተባበሪያዋ በሩሲያዋ ሙርማንስክ ካለው አቻው ጋር መነጋገሩን ቀጠለ፤ የሁለቱ አገሮች የጋራ የዓሣ ሀብት ኮሚሽንም እንዲሁ።

ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ከወራሪ ጋር ምን ስልክ ያስፈልጋል ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ አርክቲክ ፖለቲካ የማይደርስበት የሰላም ምድር ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ሁለተኞቹ ይብሳሉ። የሰላም ምድር የነበረበት ቀን የለም፤ ያ ስልክ የተዘረጋው የኒውክሌር ሰርጓጆች በሚፈሩበት ባሕር ላይ፣ ብዙ ሬሳ ከታየ በኋላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ የምለው ግን አጭር ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው የኖርዌይ መርከበኛ የሚያድነው ሰው ፓስፖርት ከውሃ ከወጣ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ነገ የሚጠራው ደግሞ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልክ ብቻውን ሰው አያወጣም። የሄሊኮፕተሩ አብራሪ የዚያኛውን መርከብ ወለል ማወቅ አለበት፤ ሬዲዮ ላይ ያለው ሰው በሌሊት፣ በማዕበል፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚናገረውን ሰው መረዳት አለበት። ይህ የሚገኘው አብሮ በመለማመድ ነው። የአርክቲክ ምክር ቤት የሥራ ቡድኖች ከ2024 ጀምሮ በኢንተርኔት መገናኘት መጀመራቸው መልካም ነው፤ በስክሪን ግን ገመድ መወርወር አይለማመዱም። በሩሲያ ሰሜናዊ ጠረፍ በሚያልፈው የባሕር መንገድ ደግሞ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ይመላለሳሉ።

«ኮምሶሞሌትስ» ዛሬም 1,680 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ናት፤ የኒውክሌር ራስ ያላቸው ሁለት ቶርፔዶዎችም አብረዋት። በ2019 የኖርዌይና የሩሲያ ባለሙያዎች በኖርዌይ መርከብ ሄደው በሮቦት መረመሯት። ከአንዱ የአየር ማስወጫ ቱቦዋ አፍ በተወሰደ ናሙና ከተለመደው እስከ 800 ሺህ እጥፍ የሚደርስ ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተገኘ። ወዲያው በባሕሩ ስለሚበተን ለዓሣው አያሰጋም አሉ። በ1989 ያልተጠራችው ኖርዌይ፣ የዚያችን መርከብ ቱቦ ዛሬም የምትከታተለው እሷው ናት።