ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይር ብዬ

ይሄን የምጽፈው የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ኤክስፖርት እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ነው። 31 ፐርሰንት ላይ ነው። ማራገቢያው ጠረጴዛው ስር ያጓራል።

የኮምፒውተሬ ፕሮሰሰር የኢንቴሉ አይ5-7500 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የወጣ፣ 4 ኮር (ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች)፣ 4 ትሬድ (በአንዴ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች)። በጊዜው አንጀት አርስ ነበር። ዛሬ አራቱም ኮሮች 100 ይመቱና ማውሱ ራሱ እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። ታዲያ ምን አልኩ? «ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይር።» ይቺ «ብቻ» ናት ጉድ የሠራችኝ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አይ5-8400 ላይ ነው። 6 ኮር። ሶኬቱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ፣ 1151 ይላል፣ የኔም ማዘርቦርድ 1151 ይላል። ቢያስቀምጡት ልክክ ብሎ ይገባል። ግን አይነሳም! 8ኛው ጄኔሬሽን ባለ 300 ቺፕሴት (የቦርዱ ተቆጣጣሪ ቺፕ) ቦርድ ይፈልጋል፣ የኔ ደግሞ 200 ነው። ምክንያቱ ሲነገር፣ ለኃይል የሚውሉት ፒኖች አደላደል ተለውጧል ነው። እሺ፣ ተለወጠ። ታዲያ ስሙንስ አብሮ መለወጥ ምን ገደለ? ሰው ቁጥሩን አይቶ ነው እኮ የሚገዛው።

ቀጥሎ አይ7-7700። እሱ ቦርዴ ላይ ይሠራል። ግን ያው የኔው ጄኔሬሽን፣ ያው 4 ኮር ነው። የሚጨምርልኝ ትሬዱን 8 ማድረጉና ትንሽ ፍጥነት ነው። ከ3.8 ወደ 4.2 ጊጋኸርዝ፣ እሱም ሲበረታ። በዚያ ላይ የሚገኘው ያገለገለ ነው። እዚህ ሶኬት ላይ የቀረን ሁሉ የመጨረሻ ፌርማታችን እሱ አካባቢ ስለሆነ ሻጮቹም አውቀው ዋጋውን ሰቅለውታል። ገንዘቤን አራግፌ ገዛሁት እንበል። ዊንዶውስ 11 እሱንም በይፋ አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

«እንደዛ ከሆነ ሁሉንም ቀይረው» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለ። ወደ ኤኤም5፣ ማለትም ወደ ኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት፣ ልግባ ብል የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ስለዚህ ደህና የሚሠራው ዲዲአር4 ራሜ የማይጠቅም ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ቦርድ፣ ራም፣ ማቀዝቀዣ... ፕሮሰሰር ልገዛ ወጥቼ ኮምፒውተር ገዝቼ ልመለስ ነው።

የምቀናው የኤኤምዲ የቀድሞ ሶኬት፣ የኤኤም4፣ ባለቤቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቦርድ ከገዙት ብዙዎቹ ባዮሱን (የቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር) አፕዴት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ሰክተው እየሠሩ ነው። እነሱ ይቀይሩ፣ ያዋጣቸዋል። የኛ ግን ዕጣ ፈንታ ነው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ይሄን ሁሉ ሳስብ የትኛው ክፍል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም ነበር! ስከፍተው፣ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ብሮውዘር እስኪከፈት ዲስኩ 100 ነው። ፕሮሰሰሩ? 14። ስሙን ሳጠፋ የከረምኩት እሱን ነው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ አስገባሁ። በዚያው ማቀዝቀዣውን ስፈታ ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ኖራ ሆኗል፣ በጥፍሬ ስነካው ይረግፋል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። አሁን ሲነሳ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ጌም ላይም ሳየው ግራፊክስ ካርዱ 99 ነው፣ ስለዚህ እዚያም ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም።

ቪዲዮው ላይ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። ኤስኤስዲም ፔስትም አላዳነኝም፣ አራቱም ኮሮች 100 ናቸው። አይ7ቱን አልገዛም፣ ቆርጫለሁ። ባለኝ እየተንገታገትኩ ለሙሉው አጠራቅማለሁ።

መሃል ላይ ተነስቼ ዕቃ አጥቤ ተመልሻለሁ። 64 ፐርሰንት።