ከሐኪም የሚደበቀው መድኃኒት

አሜሪካ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና የሚጀምር ሰው ሐኪሙን ከማግኘቱ በፊት ብዙ ገጽ ያለው ቅጽ ይሰጠዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከታዘዘልዎ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ቫይታሚን ወይም ቅጠላ ቅጠል አለ ወይ የሚል ነው። ብዙ ወገናችን "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ቤቱ ግን ከአገር ቤት የተላከ ጥቁር አዝሙድ፣ በፌስታል የተቋጠረ ጤና አዳም፣ አብሽ፣ በውኃ ላስቲክ የመጣ ጸበል አለ። ሰውዬው ዋሽቶ አይደለም። ጸበሉ እምነቱ ነው፣ አብሹ ምግቡ ነው፣ ጥቁር አዝሙዱ ቅመሙ ነው፤ አንዱንም ከመድኃኒት አይቆጥረውም። አገር ቤት ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለ ታማሚ ከሐኪሙ ጋር የሚያገኘው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ሐኪሙ አይጠይቅም፣ ታማሚውም ቁጣ ፈርቶ አያነሳም። እዚህም እዚያም ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚደረገው ሁሉ ከሐኪሙ ዓይን ተሰውሮ ይደረጋል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከልማዱ ሳይሆን ከዚህ መሰወር ነው።

ጎን ለጎን ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ መተካት ግን ሌላ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ገና ያልተሰራጨና ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሳለ የተለመደውን ሕክምና ትተው አማራጭ በሚባለው ብቻ የቆዩ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከታከሙት በ2 ተኩል እጥፍ በልጦ ተገኝቷል፤ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ነበር። ይህን ጉዳይ እኛ በኤችአይቪ ዘመን አይተነዋል። እንጦጦ ጸበል የገቡ ስንቶች መድኃኒታቸውን ጥለው ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሰው ከጭንቀት አረፈ። ያ ቃል ዛሬ ለካንሰር፣ ለስኳርና ለልብ ታማሚም በየደብሩ ቢደገም እንዴት ደስ ባለ።

ውጭ አገር ትልልቅ የካንሰር ማዕከላት አእምሮንና አካልን አብረው የሚያክሙበት ክፍል አላቸው። ኒው ዮርክ ያለው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግና ሂዩስተን ያለው ኤምዲ አንደርሰን ለምሳሌ አኩፓንክቸር (ቆዳን በቀጫጭን መርፌ እየነኩ ማከም)፣ ዮጋ፣ ሙዚቃና የተመስጦ ልምምድ ይሰጣሉ። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በእነዚህ ላይ መመሪያ አውጥቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ሆርሞን የሚቀንሱ የጡት ካንሰር ክኒኖች ለሚያመጡት የመገጣጠሚያ ሕመም አኩፓንክቸርን፣ በ2023 ለጭንቀትና ለድብርት የተመስጦ ልምምድን፣ በ2024 ለድካም የአካል እንቅስቃሴን መክሯል። አንዳቸውም ካንሰሩን ያጠፋሉ አልተባለም። የተባለው ታማሚው ሕክምናውን ችሎ እንዲጨርስ ይረዳሉ ነው። ዋጋው ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ አኩፓንክቸርን ብዙ ኢንሹራንስ አይሸፍንም፣ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ቢሆን የሚከፍለው ለቆየ የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

አገር ቤት ይህ ሁሉ የለም ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ከሁሉም የሚጠቅመው ክፍል ከቤታችን አልጠፋም፤ ልኩ ነው የጠፋው። ትንፋሽን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት 23 ሰዎች በላቲን የማርያምን ጸሎት በመቁጠሪያ ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 እንደሚወርድ፣ የልብና የደም ግፊት ቅንብራቸውም እንደሚሻሻል አሳይቷል። በዮጋ የሚደጋገመው ቃል፣ ማንትራ የሚባለውም፣ ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ። እንግዲህ የእኛስ 41 እግዚኦታ? አንዱን "እግዚኦ" በአንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ማለትም 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ አስገብተው 6 እየቆጠሩ በዝግታ ሲያስወጡ ቢሉት፣ 41ዱ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በተስቢህ 33 ጊዜ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊምም በዚሁ ልክ 5 ደቂቃ ተኩል ይሞላለታል። ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ ሁለቱን እግር መሬት አስነክቶ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጎ መቀመጥ ነው፤ ሲተነፍሱ መነሳት ያለበት ሆዱ እንጂ ደረት አይደለም። ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ነርሷ መርፌውን ልትሰካ ስትዘጋጅ ማድረግ ይቻላል።

የሚበላሸው የት ነው? አብዛኛው ሰው ጸሎቱን እንደ ግዴታ ሩጫ ይለዋል፤ 41ዱን በአንድ ደቂቃ ከጨረሱት ለነፍስ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለሰውነት ግን ያው ጥድፊያ ነው። ሌላው በጣም በጥልቀት መሳብ ነው፤ ጣት ከደነዘዘና ራስ ከዞረ አየሩ በዝቷል ማለት ስለሆነ ቀለል አድርጎ መተንፈስ ያስፈልጋል። ዓይን መጨፈን ክፉ ትዝታ የሚቀሰቅስበት ሰውም አለ፤ በስደት መንገድ ወይም በጦርነት ያለፈ ሰው ዓይኑን ገልጦ አንድ ነገር ላይ አሳርፎ ይለማመድ። ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው የተመስጦ ሥልጠና 8 ሳምንት የሚወስደው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ መተው ልማድ ሳይሆን ሙከራ ነው። ዮጋ ከእምነቴ ይጋጫል የሚል ሰውም አይጨነቅ፤ መዘርጋቱንና መተንፈሱን በራሱ ጸሎት ማድረግ ይችላል።

ጠያቂ ላይ አገር ቤት በብዙ ይበልጣል። አሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስዳ ታክሲ ይዛ ቤቷ ገብታ ማንም ሳያንኳኳባት ሦስት ቀን ልታድር ትችላለች። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የታማሚዎች የውይይት ቡድን አለው፣ ግን በእንግሊዝኛ ስለ ጡት ማጣት ለማያውቁት ሰው ማውራት ለእናቶቻችን ከባድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበር ተራ ወጥቶ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ሕክምና ማድረስ፣ አንዱ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣት ቢያዝ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ይረዳል። አገር ቤት ደግሞ ሰው ሞልቶ ይተርፋል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ ማረፊያ ካጣ የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ዓይነቱ ተቋም ያስጠጋዋል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያም አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ ሄዶ ሕመም ያስታግሳል። ችግሩ ጉንፋን ይዞት የመጣ ጠያቂ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ ሲስም መዋሉ ነው። ኬሞ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በአብዛኛው ዝቅ ይላል፤ በእነዚያ ቀናት ጠያቂ በር ላይ እጁን ይታጠብ፣ የሚያስለው አይግባ፣ በስልክ ይጠይቅ። ይህን የሚናገር አንድ ደፋር የቤተሰብ አባል መመደብ አለበት፤ ታማሚዋ ራሷ አትችለውም።

"እረፊ፣ አትንቀሳቀሺ" የሚለው ፍቅር ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። የካንሰር ድካም በእንቅልፍ አይለቅም፤ ጡንቻው በተኛ ቁጥር ይከሳል፣ ድካሙም ይብሳል። የሚመከረው በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተ ልኩ ያ ነው። ለጀማሪ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ ይበቃል። ጡቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ቀዶ ሐኪሟ እንደፈቀደላት ክንዷን ካላንቀሳቀሰች ትከሻዋ ይደርቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንዱን ከልብ ከፍ አድርጎ ትራስ ላይ ማሳረፍ፣ በዚያው መዳፍን ከ15 እስከ 25 ጊዜ መጨበጥና መክፈት፣ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት፤ ይህን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ከተነቀለ በኋላ ግድግዳ ፊት ቆሞ ጣትን እንደሚራመድ አድርጎ በየቀኑ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ከብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት "በዚያ ክንድ ምንም አታንሺ" ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን በባለሙያ እየታገዘ ቀስ በቀስ የሚጨመር ክብደት የክንዱን እብጠት እንደማያባብስ አሳይቷል። በአንድ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ግን 20 ኪሎ ነውና ቀስ በቀስ አይባልም። ምጣድ ላይ መዋልም ይታሰብበት፤ ሙቀቱ እብጠት ይቀሰቅሳል፣ ትንሽ ቃጠሎም በዚያ ክንድ ቶሎ ይመረቅዛል።

ስግደት ራሱ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፤ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ ሁሉ ይሠራል። ሆኖም ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ መሬት መውደቅ የለበትም፤ የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ደም ግፊቱ የሚወርድበትም ሲነሳ ይዞርበታል። የንስሐ አባት ቆሞ ወይም ተቀምጦ ራስን ዝቅ በማድረግ እንዲሰግድ ሊፈቅዱለት ይችላሉ፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ጾምን በሚመለከት ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ፈቅደዋል፤ አልበላም የሚለው ታማሚው ነው። ከከባድ ሕመም የሚያገግም ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ በ50 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 10፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 26 ግራም ይሰጣሉ። እንቁላሉን፣ ወተቱንና ሥጋውን አንሱትና ምን እንደሚቀር ተመልከቱ። ነጭ የደም ሴል ዝቅ ባለበት ጊዜ ደግሞ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ አይነኩ።

ጸበል ለሚጠጣ ሰው የሚነሳው ጥያቄ ንጽሕናው ነው። ውኃ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ግን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባና አብዛኛው ደጋ እዚህ ውስጥ ይገባል። መፍላቱ በረከቱን ያጠፋ እንደሆነ የሚሰጋ ሰው ካህኑን ይጠይቅ። ደረቱ ላይ ወይም ክንዱ ላይ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ ያለው፣ ቁስሉም ያልደረቀ ሰው እስኪድን መጠመቁን ትቶ ቢጠጣ ወይም ግንባሩን ቢቀባ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። ኬሞ የሚወስድ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥም ትኩሳቱን ይደብቀዋል። አሜሪካ ያለ ታማሚ ሌሊትም የሚነሳ የክሊኒክ ስልክ አለው፤ አገር ቤት ያለው ግን የትኛው ሆስፒታል ድንገተኛ እንደሚሄድ፣ በማን መኪና እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወስን፣ የኬሞውን ስምና የተወሰደበትን ቀን የያዘ ወረቀትም ኪሱ ውስጥ ይክተት።

ቅጠሉና ቅመሙ ሁሉ ክፉ አይደለም። ዝንጅብል በቀን ከግማሽ እስከ 1 ግራም፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት፣ ማቅለሽለሽ የቀነሰላቸው አሉ። ማር ለራስና አንገት ጨረር የአፍ ቁስል ተሞክሮ መመሪያ ውስጥ ገብቷል፤ 20 ሚሊ ሊትር ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት፣ 15 ደቂቃ በኋላና ጨረሩ ካለቀ 6 ሰዓት ሲሞላው አፍ ውስጥ እያዟዟሩ ቀስ ብሎ መዋጥ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። በሌላ በኩል ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ዝንጅብል በብዛት ሲወሰዱ ደም ያቀጥናሉ፤ ከቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት በፊት ከምግብ ልክ በላይ አይወሰዱ። አብሽ ስኳር ያወርዳል፤ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደራረብ ሰው ሊጥል ይችላል። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የእንቅርት እጢው ወጥቶለት የሆርሞን ክኒን የሚውጥ ደግሞ በባዶ ሆዱ በውኃ ውጦ ቡናውን ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠጣ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በደንብ አይገባም።

አገር ቤት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ እንቅፋት አለ፤ ታማሚው ምን እንዳመመው አይነገረውም። ቤተሰብ "ይደነግጣል" ብሎ ይደብቃል። አሜሪካ ሐኪሙ ፊት ለፊት ይነግረዋል፣ አንዳንዴም ርኅራኄ በጎደለው ፍጥነት። ሁለቱም ያማል። ሆኖም ኬሞ እየወሰደ መሆኑን የማያውቅ ሰው 38 ዲግሪን እንዲፈራ፣ ጥሬ ሥጋ እንዲተው፣ የሚጠጣውን እንዲናገር ማን ሊጠብቅበት ይችላል? በየዋህነት ይጎዳል። ልጆች ወይም ወንድሞች ቢያንስ ሐኪሙ ባለበት፣ በቀስታ፣ አብረው ሆነው ይንገሩት።

ከዚያ ወረቀት ይውጣ። የሚዋጥ፣ የሚጠጣ፣ የሚቀባ፣ የሚታጠን ሁሉ ይጻፍ፤ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለም። ስሙ የማይታወቅ ቅጠል ከሆነ ራሱ በላስቲክ ተደርጎ ይምጣ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ይነሳ። ውጭ አገር ፋርማሲስቱ ከኬሞው ጋር ያመሳክረዋል፣ አስተርጓሚም በነፃ መጠየቅ ይቻላል፤ አገር ቤት ነርሷ ካርዱ ውስጥ እንድታስገባው ይሰጣት። ጸበሉም ይጻፍ፤ በቀን ስንት ኩባያ፣ ከየት የመጣ፣ ፈልቶ ወይስ ሳይፈላ።