ሼክስፒር ሲገባ ተነሡ

ሼክስፒር የዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው እንደ አስከሬን ነው፤ ሁሉም ፊቱን አጥቁሮና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። መምህሩ «ታላቅ ጸሐፊ ነው» ካሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1564 ተወልዶ በ1616 መሞቱን ያስጽፋሉ። ታላቅነቱ በምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የጠየቀ እንደሆነ አለማንበቡ ይታወቅበታላ! ከዚያ መዝገበ ቃላት ይወጣል። ተማሪው በየመስመሩ ስር እያሰመረ፣ የግርጌ ማብራሪያውን እየቆፈረ ሲሄድ፣ ሮሜዎ አጥር ዘሎ ዡልዬት መስኮት ሥር ሳይደርስ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ክብር ሰውየው አልጠየቀም። ተውኔቶቹን የጻፈው ለተዋንያን አፍና ለተመልካች ጆሮ ሲሆን፣ ሠላሳ ስድስቱን በአንድ ጥራዝ ሰብስበው በ1623 ያወጡለት፣ እሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የመድረክ ባልደረቦቹ ናቸው። በ1599 ለንደን ውስጥ በቴምዝ ዳር በተሠራው ግሎብ ቲያትር፣ አንድ ፔኒ የከፈለ ሁሉ መድረኩ ሥር ቆሞ ያይ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረው ብዙ ነው፣ ፈተና ግን አልነበረበትም። ለዚያ ተመልካች የገባው ቋንቋው የራሱ ስለሆነ ነው ቢባል ልክ ነው። ነገር ግን ቃሉ ሁሉ ባይታወቅም የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም ጠብ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሾም ኖሮ (ማንም አይሾመኝም እንጂ) ሮሜዎና ዡልዬትን ከመጀመሪያው ገጽ አላስጀምርም ነበር። በቀጥታ ሦስተኛው ገቢር፣ አምስተኛው ትዕይንት ላይ ወስጄ የዡልዬትን አባት የካፑሌትን ንግግር ጮክ ብለው እንዲያነቡት አደርጋለሁ። ልጁ የመረጠላትን ባል አላገባም ብላዋለች፤ እሱም «ተሰቀይ፣ ለምኚ፣ ተራቢ፣ መንገድ ላይ ሙቺ» እያለ ያወርድባታል፣ እጄን እየበላኝ ነው ብሎም ይዝታል፤ ሞግዚቲቱ መሐል ስትገባ አፏን እንድትይዝ ይነገራታል። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ለዚህ ምን የግርጌ ማብራሪያ ያሻዋል? ዡልዬት ገና 14 ዓመት እንዳልሞላትና እናቷም «እኔ በአንቺ ዕድሜ ወልጄሽ ነበር» እንደምትላት ሲሰማ፣ አያቱ መድረክ ላይ የወጡ ይመስለዋል።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለተኛው ገቢር አምስተኛ ትዕይንት እንመለሳለን። ዡልዬት የሮሜዎን መልስ በጉጉት ስትጠብቅ ሞግዚቷ ትመጣና አጥንቴን፣ ራሴን፣ ወገቤን ትላለች፤ ትንፋሽ አጠረኝ ስትል ልጅቷ «ይህን ለማለት ትንፋሽ ካለሽ እንዴት አጠረሽ?» ብላ ትሟገታታለች። ሴትዮዋ ግን አትቸኩልም፤ የሮሜዎን እግር አድንቃ ስታበቃ «ምሳ በልተሻል?» ትላለች፤ መልእክቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶም «እናትሽ የት ናት?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለት ተማሪዎች ተነሥተው፣ አንደኛዋ ወገቧን ይዛ እያነከሰች ይህን ብታነበው፣ የኋላ ወንበር የተኛው ሁሉ ይነቃል።

ከበደ ሚካኤል ይህንኑ ተውኔት ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ተማሪው እሱን አንብቦ ቢመጣ ግን እንደ ኩረጃ ይቆጠርበታል፤ ታሪኩ አስቀድሞ ከታወቀ ምን ይቀራል ነው የሚባለው። ሼክስፒር ራሱ ፍቅረኞቹ እንደሚሞቱ በመቅድሙ ተናግሮ መጀመሩን ማንም አያነሣም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ብልግናው ላይ ሲደረስ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት የሚከፈተው የካፑሌት ሁለት አሽከሮች ስለ ጎራዴና ስለ ልጃገረድ በሚያወሩት ቀልድ ነው፤ መምህሩ እዚያ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይህ የቃላት ጨዋታ ነው» ይሉና ገጹን ይገልጣሉ። በዚያች ሌሊት የተማሪዎች ማደሪያ መብራት አይጠፋም፤ ቀን ያንቀላፉበት የግርጌ ማብራሪያ አንዲት ቃል ሳትዘለል ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ለሌላው ሴክሽንም በቴሌግራም ይላካል።