አንድ ጉቶ ብቻ ናት!

ዛሬስ ልተንፍሰው። ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ትንሽ መሬት አለችኝ። ከኋላዋ ባክሆ፣ ማለትም ባልዲ ያለው መቆፈሪያ ክንድ፣ የሚገጠምላት ትንሽ ትራክተርም አለችኝ። አሮጌ ናት፣ ግን ትቆፍራለች። ጥፋቴ ፎቶዋን መለጠፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አርፎ አያውቅም። «ወንድሜ፣ አንድ ጉቶ ብቻ ናት፤ የአንድ ሰዓት ሥራ!»

የአንድ ሰዓት ሥራ? ባክሆውን ለመግጠም ብቻ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። ትራክተሯን አስጠጋለሁ፣ ወርጄ አያለሁ፣ ሁለት ጣት ይቀራታል። እንደገና እወጣለሁ፤ አሁን ደግሞ አልፋለች። ማያያዣ ፒኑ በስንት መከራ ሲገባ የዘይት ቱቦው እምቢ ይላል። ፀሐይ ላይ ስለዋለ ውስጡ ግፊት ቋጥሯል፣ ካልተነፈሰ አይገጥምም። ስፈታው ደግሞ ትራክተሯ ላይ የቀሩትን ቱቦዎች እርስ በርስ ማገናኘት ከረሳሁ፣ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ፓምፑ ይጮህብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ይሉኝታ ይዞኝ ለአንድ ወዳጄ አዋስኩ። «811 ደውለሃል?» አልኩት። አሜሪካ ውስጥ መሬት ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት ቁጥር ነው፤ በነፃ እኮ ነው! መጥተው የኤሌክትሪኩን መስመር በቀይ፣ የጋዙን በቢጫ ቀለም ያሰምሩልሃል። «ኧረ እዚህ ሥር ምንም የለም» አለኝ። መሬቱን ራጅ አንስቶታል መሰለኝ።

እሁድ ማታ ተመለሰች። ክንዱን ሳነሳው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ፒኖቹ ደርቀዋል! በየ8 ወይም በየ10 ሰዓቱ ሥራ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ እንደ ሙጫ በሚይዘው በዚህ ቀይ ጭቃ ውስጥማ በየቀኑ። የግራሶ ፓምፑን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ እንዳስያዝኩት ተመልሶልኛል። ጉቶውንም አልቆፈረውም፣ ክንዱን በጎን እያወዛወዘ ሲገፋው ነው የዋለው። አሁን ባልዲው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል።

ይባስ ብሎ አንዱ ቱቦ ያንጠባጥባል። «አዎ፣ በእጄ ዳስሼ አይቻታለሁ፣ ትንሽ ናት» አይለኝም! ደሜ ቀዘቀዘ። እዚያ ውስጥ ያለው ዘይት ከ2000 ፒኤስአይ በላይ ግፊት አለው። በመርፌ ቀዳዳ ቢወጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰው ይህን በካርቶን ይፈትሻል እንጂ በጣቱ?

ሰኞ ማታ ከሥራ መልስ ኪያቬ ይዤ ጭቃ ላይ ተጋደምኩ። ባለቤቴ የእጅ ባትሪ ታበራልኛለች፣ «እምቢ ማለት ምን ይከብዳል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ትናንት ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ አነሳሁት። ለካ ሌላ ጉቶ ቀርቶታል።